ስለ ደም ምስክርነት

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚያወጣው የምሥራቅ ጎጃም መንገድ ግራና ቀኙ የንባብ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ጊዮርጊስ ስማቸው ከትምህርት ጋር ተያይዞ የኖረ አድባራትና ገዳማት ናቸው፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነቱን ትምህርት የተማሩት ከደብረ ኤልያስ ሌላ በነዚሁ በደብረ ወርቅና በዲማ ነበረ። በዚህ አገር ፊደሉን ለይቶ ድምፁን ያወጣ ሰው አንባቢ ቢባል ነው፣ ዐዋቂ ግን አይባልም፤ ዐዋቂ የሚባለው ከንባቡ ቀጥሎ ትርጓሜ ቤት ገብቶ፣ አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ ሲያወጣው ሲያወርደው፣ የትኛው ምሥጢር ለየትኛው ቦታ እንደሚስማማ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ሲለይ የከረመ ነው።

በዚሁ የንባብ አገር ሰው እጅ ዛሬ ሌላ ዐይነት ጽሑፍ ይገባል። ከላቦራቶሪ መስኮት የሚሰጠውን የደም ምርመራ ውጤት ማለቴ ነው፤ በላዩ የፈረንጅ ፊደልና አኃዝ ተደርድሮበት፣ ከአንዳንዱ አኃዝ ጎን ከልኩ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን የሚያመለክት ቀስት ታትሞበት ይወጣል። ተመርማሪው ቀስቱን ሲያይ ልቡ ይሸበራል፣ ወይም ቀስት ባለማየቱ ብቻ ደኅና ነኝ ብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ሁለቱም ሰዎች ንባቡን ከፍርዱ አደባልቀውታል። የሰውን ዕድሜና ዕለተ ሞቱን የሚያውቅ ፈጣሪው ብቻ ነው ብሎ ለሚያምን ሕዝብ፣ ከክንድ የተቀዳ ጥቂት ደም በአኃዝ የሚናገረው ነገር ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው? ዳኛ ነውን ወይስ ምስክር? እኔ ምስክር ነው ባይ ነኝ፤ ምስክርም በመሆኑ ክብሩ አይጐድልበትም፤ ነገር ግን ምስክር ሁሉ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ በመንገድም ምን እንዳገኘው ይጠየቃል።

ከፖታሲየም ልጀምር። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ይላሉ፤ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት የሥጋ ሲሆኑ፣ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት የነፍስ ናቸው፤ አራቱ ባሕርያተ ሥጋም በጠባያቸው የማይስማሙ ሆነው ሳሉ በፈጣሪ ጥበብ በአንድ አካል ተስማምተው ይኖራሉ። ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው የእንግሊዝ ኬሚስት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1807 ዓ.ም. ጥንት የዕፀዋት አመድ እየታጠበ ይዘጋጅ ከነበረው ፖታሽ በኤሌክትሪክ ኃይል ለይቶ ያወጣው ይህ ለስላሳ ብርማ ማዕድን፣ መገኛው መሬት ሆኖ ሳለ ውኃ ሲነካው አየር እየለቀቀ በሐምራዊ ነበልባል ይነድዳል፤ አራቱ ባሕርያት በአንዲት ጠጠር ተሰብስበው የተገኙ ያስመስላል። የአባቶች ትምህርት ስለ ኬሚስትሪ የተነገረ ስላልሆነ ይህን እንደ ማስረጃ አላቀርበውም፤ ያም ሆኖ እንዲህ ያለውን ግጥጥሞሽ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የቅኔ አገር አየር ለተነፈሰ ሰው ይከብዳል።

በቢቸና ጥቁር አፈር የበቀለ ጤፍ ሥሩ ከመሬት የሳበውን ፖታሲየም በፍሬው ይዞ እንጀራ ይሆናል፤ ባቄላውም፣ ሽምብራውም፣ ድንቹም እንዲሁ። በአንድ ጐልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲጠቀለል 140 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ ከዚህም ከመቶው 98ቱ በሕዋሳት ውስጥ ተዘግቶ ሲኖር፣ ከሕዋሳት ውጭ በደምና በሌላው ፈሳሽ የሚዘዋወረው ከመቶው 2 ያህል ብቻ ነው። የላቦራቶሪው መሣሪያ የሚለካው ይህንኑ በውጭ ያለውን ጥቂቱን ነው፤ የተለመደው ልኩም በአንድ ሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል አካባቢ ነው። በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ይህን ታላቅ ልዩነት የሚጠብቀው፣ በየሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ ሦስት ሶዲየም እያስወጣ ሁለት ፖታሲየም የሚያስገባ ረቂቅ መሣሪያ ነው፤ የዴንማርኩ ሊቅ የንስ ስኮው ይህን መሣሪያ በ1957 እ.ኤ.አ. ገልጾ፣ ከ40 ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። የልብ ምት፣ የጡንቻ መኰማተር፣ የነርቭ መልእክት ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከ6.5 ሲያልፍ ወይም ከ2.5 ሲወርድ ልብ ሥርዐቱን ስቶ ድንገት ሊቆም ይችላል። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ርቀት በሁለት ሚሊሞል የሚለካ መሆኑን የተረዳ ሰው፣ መዝሙረኛው በሰው አፈጣጠር የተደነቀውን አድናቆት በሌላ ቋንቋ እንደ ሰማ ይቈጥረዋል።

አሁን ምስክሩን እንጠይቀው። ከሁለት እጁ እነሴ ወረዳ አንድ የደም ግፊት ያለባቸው ሽማግሌ ወደ ሞጣ መጥተው ደማቸውን ቢሰጡ፣ በወረቀቱም ላይ ፖታሲየም 6.3 ተብሎ ቢወጣ እንበል። ይህ አኃዝ በትርጓሜ ቤት ወግ ቢተረጐም እንዲህ ይሆን ነበር፤ ፖታሲየሙ ከልኩ አለፈ፤ ምነው ቢሉ፣ ትርፉን በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ደክሞ ነው። አንድም፣ ለግፊቱ የታዘዘላቸው ኤናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ኩላሊቱ ፖታሲየምን እንዳይለቅ አድርጎት ነው። አንድም፣ በሽማግሌው ሰውነት አንዳች የበዛ ነገር የለም፤ ክንዳቸው በላስቲክ ታስሮ መዳፋቸውን እየጨበጡና እየዘረጉ ቆይተው፣ ወይም ደሙ በመርፌ በኃይል ሲሳብ ቀያዮቹ ሕዋሳት ተሰባብረው፣ በውስጥ የነበረው ወደ ውጭ ፈስሶ ነው። አንድም፣ ደሙ ሳይጣራ በበረዶ ሣጥን ረጅም መንገድ ተጕዞ ነው።

ይህ የመጨረሻው ትርጓሜ ነገሩን ያልለመደውን ሰው ያስገርማል። ሥጋም ወተትም ክትባትም እንዳይበላሽ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ደም ግን በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ሴረሙ ከሕዋሳቱ ሳይለይ ሲቀዘቅዝ፣ ያ ረፍት የማያውቀው የሕዋስ መሣሪያ ሥራውን ያቆማል፣ በውስጥ ተዘግቶ የኖረውም ፖታሲየም ቀስ በቀስ ይወጣል። ሽማግሌው በሞጣ ከዘመድ ቤት ዐርፈው ሦስተኛዋን የቡና ስኒ ሲጠጡ፣ ደማቸው በመኪና ላይ ሆኖ የሐሰት ምስክርነት ያጠናባቸዋል ማለት ነው። ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዘመናዊ መሣሪያ አጠገብ ለሚኖር ሰው ወረቀቱ የሚነግረው ስለ ሰውነቱ ሲሆን፣ በሩቅ ላለው ሰው ግን ስለ ሰውነቱና ስለ መንገዱ አንድ ላይ ይነግረዋልና።

ኦሪት በአንድ ሰው ቃል ብቻ ማንም እንዲፈረድበት አትፈቅድም፤ ሁለተኛ፣ ቢቻልም ሦስተኛ ምስክር ትሻለች። በዚህ ነገር ሁለተኛው ምስክር ክንድ ሳይጨበጥ በጥንቃቄ እንደገና የተቀዳና ሳይዘገይ የተመረመረ ደም ነው፤ ሦስተኛው የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒን፤ ከሁሉ ፈጥኖ የሚደርሰው ግን የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት የሚጽፈው ኢ.ሲ.ጂ. ነው፣ በዚያ ልብ ራሷ ስለ ራሷ ትናገራለችና። ነገር ግን ምስክሩን መመርመር እርሱን መናቅ አይደለም። ምናልባት የመርፌው ስሕተት ይሆናል ብሎ ታማሚውን ወደ ቤቱ መስደድ ምስክሩን ሳይመረምሩ ከማመን የከፋ ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ልብ የታወከች እንደ ሆነ ሐኪሙ ሁለተኛውን የደም ውጤት ሳይጠብቅ፣ ልብን የሚያጸና ካልሲየም በደም ሥር ይሰጣል፣ ኢንሱሊንንም ከግሉኮስ ጋር ሰጥቶ ፖታሲየሙ ወደ ሕዋሳት እንዲመለስ ያደርጋል፤ ይህ የኩላሊቱን ሥራ አይተካም፣ ፋታ ግን ይሰጣል። የፖታሲየም መጉደል ነገር አጠር ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተቅማጥና ትውከት፣ ወይም ሽንት የሚያበዙት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሰማይድ የሚያመጡት ነው።

ፖታሲየም የመሬት ነገር ከሆነ፣ ብግነት የእሳት ነገር ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ምልክቶቹን አራት አድርጎ ቈጠራቸው፤ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋል፣ መታመም። ጎጃም ይህን ከማንም ይልቅ በእግሩ ያውቀዋል። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው እግሩ እያበጠ፣ ቆዳው እየወፈረ፣ አንዳንድ ጊዜም በትኩሳትና በማቃጠል እየተነሣበት ከአልጋ ያውለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ ነው። በኢትዮጵያ የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሰፊው እንዳጠናው፣ የአፈሩ ረቂቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ እየገባ የሊምፍን ቧንቧዎች ያስቈጣል። ስንት ዘመን ሰው እርግማን ነው፣ የዘር ነው እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበር የተለየበት በሽታ፣ መሬት በሥጋ ውስጥ የምታነድደው እሳት ሆኖ ተገኘ፤ መከላከያውም ጫማና ሳሙና ነው። ይህን ለማወቅ የደም ወረቀት አያስፈልግም፤ ዐይን ይበቃል። ወረቀት የሚያስፈልገው እሳቱ ከሆድ፣ ከሳንባ ወይም ከመገጣጠሚያ ውስጥ ተደብቆ ሲነድድ ነው።

ለዚህም ሁለት ምስክሮች አሉ። አንደኛው በብዙ ጤና ጣቢያ የሚገኘው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነው ኢ.ኤስ.አር. ነው፤ ደም እንዳይረጋ ተደርጎ በቀጭን ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆምና ቀያዮቹ ሕዋሳት በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደ ወረዱ ይነበባል። ፖላንዳዊው ቢየርናትስኪ በ1897 እ.ኤ.አ. አስቀድሞ አይቶት ነበር፤ ስዊድናዊው ሮቢን ፎሬዩስ በ1918 የእርጉዞች ደም ፈጥኖ እንደሚወርድ ተመለከተ፤ የአገሩ ሰው ቬስተርግሬን ደግሞ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የአለካክ ሥርዐት አበጀለት። ሁለተኛው ሲ.አር.ፒ. የሚባለው በጉበት የሚሠራ ፕሮቲን ነው፤ ቲሌትና ፍራንሲስ በ1930 በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም በሳንባ ምች በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ አገኙት። በጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በታች ሲሆን፣ ብርቱ የባክቴሪያ በሽታ ሲነሣ ከመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል።

የሁለቱ ጠባይ አንድ አይደለም። ሲ.አር.ፒ. እሳቱ በተጫረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይነሣል፣ በሁለት ቀን ያህልም ከጫፍ ይደርሳል፤ እሳቱ ሲጠፋም በ19 ሰዓት ገደማ እየተገመሰ ይወርዳል። ኢ.ኤስ.አር. ግን ዘግይቶ መጥቶ ዘግይቶ የሚሄድ ነው፤ በሽታው ከለቀቀ በኋላ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ይቆያል፣ በደም ማነስም፣ በእርግዝናም፣ በእርጅናም ያለ አንዳች ብግነት ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለቱ ምስክሮች በተለያዩ ጊዜ አንዱን ሐሰተኛ ማለት ያላዋቂ ዳኛ ሥራ ነው፤ መለያየታቸው ራሱ ቃል ነውና፣ ሲ.አር.ፒ. ብቻውን ከፍ ቢል ምናልባት ነገሩ ትኩስ ነው፣ ኢ.ኤስ.አር. ብቻውን ከፍ ቢል ያለፈ በሽታ ወይም የደም ማነስ ይመረመራል። ተስማምተው ከፍ ቢሉም እንኳ እሳት አለ ከማለት አልፈው እሳቱ የት እንዳለ አይናገሩም፤ ከማዶ ሰፈር ጭስ ያየ ሰው እንጀራ ይጋገር ወይም ቤት ይቃጠል እንደ ሆነ ሸለቆውን ካልተሻገረ አያውቅም። ሐኪሙም ታማሚውን ካልጠየቀ፣ ሆዱን ካልዳሰሰ፣ ደረቱን ካላዳመጠ ሸለቆውን አልተሻገረም፤ ወረቀቱን ብቻ አይቶ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም ባየሁ ቍጥር፣ ከማዶ ቆሞ ውኃ የሚረጭ ሰው ይታየኛል።

ልክ የሚባለውስ ራሱ ምንድን ነው? በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚታተመው ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ከሚባሉ ሰዎች መካከል ከመቶው 95ቱ የሚገኙበትን ድንበር ያሳያል፤ እንግዲህ ከመቶው አምስቱ አንዳች ሳይኖርባቸው ከድንበሩ ውጭ ናቸው። አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኝ 20 ዐይነት ምርመራ ለአንድ ጤነኛ ሰው ቢደረግ፣ ቢያንስ አንዱ ቀስት የሚወጣበት ዕድል ከመቶ 64 ያህል ነው። ድንበሩም ብዙ ጊዜ የተሰመረው በሌላ አገር ሕዝብ ደም ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ድንበሩን በደብረ ሲና እንደ ተቀረጸ ጽላት ይፈራዋል።

ስለ ልክና ስለ መለካት ከተነሣ ደግሞ ቢቸናና ሞጣ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ፣ የነዚህ አውራጃዎች ገበሬ መሬቴ አይለካም፣ አዝመራዬ አይገመትም ብሎ ከሌሎች የጎጃም አውራጃዎች ጋር ተነሣ፤ ነገሩም ጦር እስከ ማዝመትና በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴን ከሥልጣን እስከ ማንሣት አደረሰ። ይህን ዓመፅ የድንቍርና ፍሬ ነው ያሉ አሉ። እኔ ግን ገበሬው ገመዱን ሳይሆን ገመዱን የያዘውን እጅ እንደ ፈራ አምናለሁ፤ ልኬቱ ለርሱ ሳይሆን በርሱ ላይ የሚደረግ፣ በፍጻሜውም ርስቱን የሚያሳጣው መስሎት ነበርና። መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ ነገር ሁለት ፊት አለው፤ ዳዊት በራሱ ፈቃድ ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ መቅሠፍት ወረደ፣ በሙሴ ዘመን ግን ሕዝቡ በፈጣሪ ትእዛዝ ነገድ በነገድ ተቈጠረ። ቈጠራው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን በደል ሌላውን ሥርዐት ያደረገው ለማን እንደ ተቈጠረ ነው።

የደም ልክም በዚህ ይመዘናል። ደሙን የሰጠ ሰው ስለ ራሱ የተመሰከረውን የመስማት መብት አለው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ተጣጥፎ ከመስኮቱ ወደ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ወደ ካርድ ክፍል ያልፋል፣ ታማሚው ግን የሚሰማው «ይህን ዋጥ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ጠይቆ የሚያስረዳውን ያገኘ ሰው ምንኛ ይጠቀማል! የወረቀቱን ቅጂ ይዞ የሚኖር ሰው ለሚቀጥለው ሐኪም የዓምናውን ልኩን ያሳያል፤ የዓምናው ልኩም ከማንኛውም የሕትመት ድንበር የበለጠ ስለ እርሱ ያውቃል።

የቀረው የእምነት ጥያቄ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ደሙን ቢያስመረምር እምነቱ ጐደለ ማለት ነውን? መጽሐፈ ሲራክ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ አንዱ እግዚአብሔር መሆኑን አስተምሮ፣ ታማሚው አስቀድሞ እንዲጸልይ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤድስ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ ምእመናንን መክረዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በዐቢይ ጾም ሳይቀር ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የጾሙ ማዕድ ባቄላውና ምስሩ፣ ሽሮውና ድንቹ ፖታሲየም የበዛበት ነውና፣ የሐኪሙን ምክር ለንስሓ አባቱ፣ የንስሓ አባቱንም ምክር ለሐኪሙ ቢያሰማ ሁለቱም ይረዱታል። ድውይን በጤነኛ ሕግ መያዝ የጾም ሥርዐትም አይደለም።

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየኝ የንጉሥ ሕዝቅያስ ሕመም ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እንደሚሞት ከነገረው በኋላ ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፣ ዐሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት፤ ይህ ሁሉ ከሰማይ ከተነገረ በኋላ ግን ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋውን የሰጠ አምላክ በለሱን አልናቀውም። ሕዝቅያስም ተስፋውን ሰምቶ ምልክት ጠየቀ፤ የተሰጠውም ምልክት ልክ ነበረ፣ የጥላው ዐሥር ደረጃ መሄድ ወይም ዐሥር ደረጃ መመለስ። ታማሚው ንጉሥ ከሁለቱ እንዲመርጥ በተጠየቀ ጊዜ፣ ጥላ ወደ ፊት መሄዱ የየዕለት ልማዱ ስለ ሆነ ምስክር አይሆነኝም ብሎ ወደ ኋላ መመለሱን መረጠ፤ ኢሳይያስም ስለዚህ ጥያቄው አልገሠጸውም።